ማን ይበላበታል?

(ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር በሰፈራችን የዕድር ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ያልተገኙ ጎረቤቶች ስለጠየቁኝ፣ ከተቀዳው ድምፅ ላይ እንዳለ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች ትንሽ ቀረብ በሉ። የማሳያችሁ ነገር ትንሽ ስለሆነ ከዚያ አይታይም። የዕድራችን ዳኛ ይህን ጊዜ ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። ፀሐዩ ሳይበረታ እንጨርሳለን።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። እዚህ ድንኳን ውስጥ እንኳን የቀድሞ ተማሪዎቼን ፊት አያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጓሮዬ ውስጥ ችግኝ አፈላለሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ዛፍ ልነግራችሁ ነው። ስለ ሾላ።

እንደምታውቁት ዕድሩ ዘንድሮ ክረምት ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ዛፍ ሊተክልበት ወስኗል። ኮሚቴው ቤቴ ድረስ መጥቶ «ምን እንትከል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መልሼ ጠየቅኋቸው። «ማን ይበላበታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ይኸው እናንተም ዝም አላችሁ።

ዛፍ ስንተክል የምንጠይቀው ሌላ ነው። ቶሎ ያድጋል ወይ? ጥላ አለው ወይ? ያምራል ወይ? ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ደህና ጥያቄዎች ናቸው። ግን ማን ይበላበታል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

እስቲ ግቢያችሁን አስቡ። ግራቪሊያ አለ። የፈረንጅ ጽድ አለ። ጃካራንዳ አለ። ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ተሰልፏል። እነዚህን ዛፎች ልወቅስ አልመጣሁም። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የስንታችንን ቤት አቁሟል፣ የስንታችንን እንጀራ አብስሏል። ንብም ከአበባው ትቀስማለች። ግን ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ፣ ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ፍሬያቸውን የሚበላ ወፍ እዚህ የለም። አረንጓዴ ናቸው፤ ማዕድ ግን አይደሉም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ? በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለበት ቀን ነው። እኔም ዶማዬን ይዤ ወጥቼ ነበር። ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ቀን በመኖሩ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ያኔም ግን ያችው ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ትመላለስ ነበር። ከተተከለው ስንቱ ላይ ነው ወፍ አርፎ የሚበላው?

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሾላ ውስጡ ምን እንዳለ። ሁለተኛ፣ ማን እንደሚበላበት። ሦስተኛ፣ እንዴት እንደሚተከል፣ የት እንደማይተከልም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ሾላ ስል ሁለት ወንድማማቾችን ነው የምጠራው። አንደኛው እዚህ እኛ አካባቢ ባምባ የምንለው ነው። ልጡ ቢጫ ይመስላል፣ ዱቄት የነሰነሱበት ያህል ነው። ቅጠሉን በእጃችሁ ብትዳስሱት ይሻክራል። ሁለተኛው ልጡ ግራጫ ነው፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩ ጥርስ አለው፤ ለጋ ቅጠሉ ቀላ ይላል። ሁለቱም ፍሬያቸውን ግንዳቸው ላይ በዘለላ ይይዛሉ። ኦሮሞ ባምባን ኦዳ ይለዋል። የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው ከሥሩ ነው። አዲስ አበባም በስሙ የሚጠራ ሰፈርና ገበያ አላት። እንግዲህ ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው ዛፍ ነው።

ወደ አንደኛው ነጥብ።

ሾላን ስንጠራ ከአፋችን የሚመጣው ምንድን ነው? በሉ እስቲ... አዎ! «ሾላ በድፍን!» ነገር ተሸፍኖ ሲያልፍ፣ ውስጡ ሳይታይ ሲታለፍ፣ ሾላ በድፍን እንላለን። አያቶቻችን ይህን ያለ ምክንያት አላሉትም። ሾላን ከፍቶ ያየ ሰው መብላቱን ይተወዋል። ስለዚህ ሳይከፍቱ መጉረስ ነው የሚሻለው።

እኔ ግን ዛሬ ልከፍተው ነው። ይህን ከጣና ዳር ዛሬ ጠዋት ነው የቆረጥኩት። ለመብሰል አንድ ሁለት ቀን የቀረው ነው። አንተ ልጄ፣ ና ያዝልኝ። ቢላውን ለእኔ። እንዲህ... ግማሽ ለግማሽ። ዞር ዞር እያደረግህ አሳያቸው። እናቶች፣ አትፍሩ፣ አይናደፉም።

ምን ታያላችሁ? ዳሩ ነጭ ሥጋ ነው። ወደ መሐል ሲገባ ክር የሚመስል ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። በክሩ መሐል ጥቁር ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል። ይኸው አንዷ አውራ ጣቴ ላይ ወጣች። ጥፍሬ ላይ ናት። አያችኋት? ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ይህች ተርብ ናት። የሾላ ተርብ።

አሁን የማስተማሪያ ክፍሌ ውስጥ ለ31 ዓመት ስደጋግመው የኖርኩትን ልድገመው። ሾላ ፍሬ አይደለም። እንደገና ልበለው፤ ሾላ ፍሬ አይደለም! የተቋጠረ አበባ ነው። የሱፍ አበባን አስቡ። ፊቱ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች አሉት። ያንን ፊት እንደ ከረጢት አፉን ሰብስባችሁ ወደ ውስጥ ብትቋጥሩት ሾላ ይሆናል። አበባው በሙሉ ውስጥ ነው ያለው። ሾላ ሲያብብ አየሁ የሚል ሰው የማይገኘውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ንብ የማትገባበት አበባ እንዴት ዘር ይይዛል? እዚህ ጋ ነው የተርቧ ታሪክ የሚጀምረው። ሾላው ከተንጠለጠለበት በተቃራኒው ጫፍ፣ እምብርት የመሰለች ቀዳዳ አለች። ሴቷ ተርብ በዚያች ትገባለች። ቀዳዳዋ ከመጥበቧ የተነሳ ክንፏ ተገንጥሎ በር ላይ ይቀራል። ከገባች አትወጣም። ማወቅም አለማወቅም የለም፣ ትገባለች። ደረቷ ላይ ሁለት ትናንሽ ኪሶች አሏት። በኪሶቹ የአበባ ዱቄት ይዛ ነው የመጣችው፤ ከተወለደችበት ሾላ። ጨለማው ውስጥ ከአበባ አበባ እየሄደች ዱቄቱን በእግሯ እያወጣች ትቀባለች። አንዳንዱ አበባ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ሌላውን ለዘር ትተወዋለች። ከዚያ እዚያው ትሞታለች።

ሳምንታት ያልፋሉ። ልጆቿ ይፈለፈላሉ። ወንዶቹ ይቀድማሉ። ክንፍ የላቸውም። ከሴቶቹ ጋር ይገናኛሉ፤ ከዚያ በጥርሳቸው የሾላውን ግድግዳ ይበሳሉ። መውጫ ይሠራሉ። ለማን? ለእህቶቻቸው። እነሱ አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ። ሴቶቹ ኪሳቸውን በአበባ ዱቄት ሞልተው፣ ወንዶቹ በበሱት ቀዳዳ ወደ ብርሃን ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያላቸው ዕድሜ አንድ ቀን ነው፣ ቢበዛ ሁለት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሾላ ማግኘት አለባቸው። ማንኛውም ሾላ አይሆንም፤ አበባው ለመቀበል የደረሰ ሾላ መሆን አለበት።

ካላገኙስ? ካላገኙ አለቀ።

እነሱ ከወጡ በኋላ ነው ሾላው የሚለሰልሰው፣ የሚቀላው፣ የሚጣፍጠው። ዛፉ በልጅነታችን የምንወደውን ጣፋጭ የሚያወጣው ተርቦቹ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው።

ተርቧ ምን ያህል ትሄዳለች ትላላችሁ? ያቺ ከጤፍ የማትበልጥ? ናሚቢያ በረሃ ውስጥ በአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ያሉ ባምባዎችን ተመራማሪዎች አንድ በአንድ መርምረው ነበር። የትኛው ችግኝ ከየትኛው ዛፍ እንደተወለደ አጣሩ። ተርቦቹ በነፋስ እየተወሰዱ የአበባ ዱቄቱን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዳደረሱት ተገኘ። ጥናቱ የታተመው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። 160 ኪሎ ሜትር! በመኪና መንገድ ከዚህ ተነስታችሁ ጎንደር ልትደርሱ ጥቂት ሲቀራችሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከነጥቤ ወጣ ይላል፣ ግን ልቤን ስለሚነካው ነው። ግብፆች ሾላን በሺህ ለሚቆጠር ዓመት ሲተክሉ ኖረዋል። ተርቧ ግን እዚያ የለችም። ስለዚህ ዛፉ እዚያ ዘር አይዝም። ሰው ነው ቅርንጫፍ እየቆረጠ የሚያባዛው። ሾላው እንዲበስልም ገበሬው አንድ በአንድ በስለት ጫር ያደርገዋል። እስራኤልም እንዲሁ ነው። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው፤ ቴል አቪቭ ጎዳና ላይ ቆሞ ያዩታል። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት ኢያሪኮ ላይ የወጣበት ሾላም የዚሁ ወገን ነው። እኛ ጋ ግን ዛፉም አለ፣ ተርቧም አለች። ሾላ ራሱን ችሎ የሚወልድበት አገር ላይ ነው ያለነው። ይህን ሳስብ እመቤቴን እላለሁ፣ ይህን ዛፍ እኛ እንዴት እንንቀዋለን?

እሺ። ሁለተኛው ነጥብ። ማን ይበላበታል?

አያቴ የምትኖረው ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረጃ ላይ ነበር። ከቤቷ በታች ምንጭ አለ። ምንጩ ላይ ባምባ ነበር። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ እሷ እንላክ ነበር። ፍየል እንጠብቃለን፣ ሾላ እንበላለን። አያቴ አንድ ሕግ ነበራት። መሬት የወደቀው የፍየል ነው። ግንዱ ላይ ያለው፣ እጃችን የሚደርስበት፣ የልጅ ነው። ላይ ያለው የወፍ ነው። ወንድሜ አንድ ቀን ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ወጣ። ቁጣዋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «የሰው ድርሻ አትንካ!» አለችው። የሰው ድርሻ ነው ያለችው። ወፏን እንደ ሰው ነበር የቆጠረቻት።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህሩ ስለ ሾላ ዛፎች ሲያስረዳ እሷ ትዝ አለችኝ። ሌላው ዛፍ ወቅት አለው። አፍርቶ ያርፋል። ሾላ ግን ዓመቱን ሙሉ ተራ በተራ ያፈራል። ይህኛው ሲያልቅ ያኛው ይጀምራል። እንዲያ ባይሆንማ ተርቧ በሁለት ቀን ዕድሜዋ ማደሪያ ከየት ታገኛለች? ስለዚህ በበጋ፣ ሌላው ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ ሾላ ጋ ምግብ አለ። የችግር ቀን ጎተራ ነው።

በጎተራው ማን ይሰለፋል? አረንጓዴ ርግብ ትመጣለች፤ ሆዷ ቢጫ ነው፣ ቅጠሉ መሐል ከገባች አትታይም። ሶሪት ትመጣለች፤ ስትቀመጥ አረንጓዴ፣ ስትበር ክንፏ ደም የመሰለ ቀይ። የቀዩ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ፤ እውነተኛ መዳብ። ጦጣ ይመጣል፤ እሱን ለማባረር የምትደክሙ ታውቁታላችሁ። ማታ ደግሞ የሌሊት ወፍ። የሌሊት ወፍን ሰው ይጠላል። ግን ዘሩን ወስዶ ገደል አፋፍ ላይ፣ ወንዝ ማዶ፣ ማንም ሰው ዶማ ይዞ በማይደርስበት ቦታ የሚዘራልን እሱ ነው።

ከሁሉ ግን አንዱን ልንገራችሁ። እዚህ ከተማችን ውስጥ ሁላችሁም ታዩታላችሁ፤ ድምፁን ከዓይን በፊት ጆሮ ነው የሚሰማው። ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስል። ሲበር ክንፉ ፉጨት አለው። ይህ ወፍ ሲወልድ እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ? ሴቷ አሮጌ ዛፍ ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። በሩ በጭቃ ይመረጋል። አንዲት ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች። ከሦስት ወር በላይ ከዚያ አትወጣም። ወንዱ ነው የሚመግባት፣ በኋላም ጫጩቱን። ጉሮሮው ውስጥ ፍሬ ሞልቶ ይመጣና አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቋ ያቀብላል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ አንዱን ወንድ የተከታተሉ ሰዎች ነበሩ። በ120 ቀን ውስጥ 1,600 ጊዜ ያህል ተመላልሶ ወደ 24,000 ፍሬ እንዳመጣ ገምተዋል።

24,000 ፍሬ! እስቲ ከየት ያምጣው? ከግራቪሊያ? ከዘንባባው ጌጥ?

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። የማንንም ስም አልጠራም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ባምባ ነበር። በየቀኑ በዚያ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ሳልፍ ግንዱ መሬት ላይ ተጋድሟል። ወተቱ ገና እየፈሰሰ ነው። ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ፍሬው መኪና ላይ እየወደቀ ያቆሽሻል፣ ንጣፉንም ያበላሻል ተብሎ ነው እትዬ» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት በዚያው ሳልፍ እነዚያ ወፎች መጡ። ሁለት ነበሩ። ዛፉ በነበረበት ቦታ ላይ ዞሩ። አንዱ የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀመጠ። ቁልቁል ያያል። በሦስተኛው ቀንም መጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ቆሜ አለቀስኩ። በዕድሜዬ ዛፍ ሲቆረጥ አይቼ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

መኪናው ይታጠባል። ንጣፉ ይጠረጋል። መቶ ዓመት ያደገው ዛፍ ግን በምን ይተካል?

እውነቱን ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ሾላ ያቆሽሻል። የበሰለው ይወድቃል፣ ዝንብ ይሰበስባል። ለዚህ ነው ቦታ መምረጥ የሚያስፈልገው። ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልግባ።

የት አይተከልም? ቤት አጠገብ አይተከልም። ሥሩ ውኃ ይፈልጋል፣ ውኃ ባለበት ሁሉ ይሄዳል። የውኃ ቧንቧ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ መሠረት፣ አይምርም። እኔ ከማንኛውም ግንብ 15 ሜትር ሳልርቅ አልተክልም። መኪና ማቆሚያ ላይም አይተከልም። ስለዚህ 200 ካሬ ላይ ቤት የሠራችሁ ሰዎች፣ ሾላ ግቢያችሁ ውስጥ አትትከሉ። የእናንተን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ሾላ የጋራ ቦታ ዛፍ ነው። የዕድር ቦታ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የወንዝ ዳር። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ቦታ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ወደ ታች ተዳፋት ነው፤ ክረምት ውኃ ይይዛል፤ ግንብ የለም።

እንዴት ይተከላል? ሁለት መንገድ አለ።

በዘር ከሆነ፣ በደንብ የበሰለ ሾላ ትለቅማላችሁ። ባልዲ ውኃ ውስጥ ትጨፈልቁታላችሁ። የሚንሳፈፈውን ደፍታችሁ የሰመጠውን ዘር በጨርቅ አጥልላችሁ ጥላ ላይ ታደርቁታላችሁ። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው። አትቅበሩት። ከደቃቅ አሸዋና ከበሰበሰ ፍግ የተደባለቀ አፈር ላይ ላዩን ትበትናላችሁ። በባልዲ ውኃ አታፍስሱበት፣ ይወስደዋል፤ በመርጫ እያረጠባችሁ ነው። በላስቲክ ሸፍኑት። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ታዛውሩታላችሁ። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ግን ከዘር የበቀለ ሾላ ሥሩ ጠንካራ ነው።

በቁራጭ ከሆነ ይፈጥናል። ዝናብ ሊገባ ሲል ከጤነኛ ዛፍ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ትቆርጣላችሁ። ቁመቱ ከወገባችሁ እስከ ትከሻችሁ ቢሆን ይበቃል። የታችኛውን ጫፍ ሸለፍ አድርጋችሁ፣ ወዲያው አትትከሉት። ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ላይ ይቆይ። ቅጠሉን አራግፉለት። ከዚያ ሲሶውን ያህል ቅበሩት፣ አፈሩን ጠቅጥቁት። የላይና የታች ጫፉን እንዳታሳስቱ! አንድ ጊዜ ልጆች ሲረዱኝ ሁለቱን ገልብጠው ተክለውብኝ ነበር፤ ደርቀው ቀሩ። አሁን ከመትከሌ በፊት የላይኛውን ጫፍ ቀለም እቀባዋለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሁሉንም ከአንድ ዛፍ አትቁረጡ። ከአንድ ዛፍ የተቆረጠ ሁሉ ያው አንድ ዛፍ ነው፤ በአንድ ጊዜ ያብባል፣ በአንድ ጊዜ ያፈራል። ተርቧን አስቧት፤ ይህኛው ሲዘጋ ሌላ ክፍት በር ትፈልጋለች። ከተለያዩ ዛፎች እንውሰድ።

ከተተከለ በኋላስ? ዋናው ጠላት ድርቅ አይደለም፣ ከብት ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። በዙሪያቸው ያለው መሬት ተራቁቶ እነሱ ግን እንደ ደሴት ቆመዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ያስተማረን አንዱ ነገር፣ ከብት በገባበት ደን ውስጥ ትልልቆቹ ዛፎች ቢቆሙም ከሥራቸው ሕፃን እንደማይገኝ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ድንጋይ ከየእርሻው እየለቀመ ደኑን በካብ አጠረ። እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ። ወጪው ጉልበት ነው። እኛስ ድንጋይ አጣን? ከአዳራሹ ጎን የተቆለለው ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋ ውኃ ይፈልጋል። በሳምንት ሁለት ጄሪካን ለአንድ ዛፍ ይበቃል። ሥሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙለት፣ እርጥበቱን ይይዝለታል። ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። ማዳበሪያ አትግዙለት። ፀረ ተባይ ደግሞ በጭራሽ! ተርቧን የሚገድል ነገር ረጭቶ ሾላ መጠበቅ እንዴት ይሆናል?

አሁን ቆይቼ እነግራችኋለሁ ወዳልኳችሁ። ትንሽ ግቢ ያላችሁ።

አጥራችሁን ተመልከቱ። ቆርቆሮ ነው? በውስጥ በኩል አጋም ትከሉበት። እሾሁ ሌባ ይከለክላል። አበባው ነጭ ነው፣ ማታ ማታ ሽታው ቤት ይገባል። ፍሬው ሲጠቁር ልጅም ወፍም ይበላዋል። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይባላል፤ እውነት ነው፣ እሾሁ ይወጋል፣ ስለዚህ ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ አርቁት። ሌላው ኮሽም ነው። ቢጫ፣ ኮምጣጣ ፍሬ። እሱም አጥር ይሆናል። ግን ኮሽም ወንድና ሴት አለው። አንድ ብቻ ተክላችሁ «አላፈራም» እንዳትሉኝ፤ አራት አምስት ትከሉ። ሰፋ ያለ ቦታ ካላችሁ ዋንዛ። ዋንዛን ማን የማያውቅ አለ? በነጭ አበባው ንብ ይሰክራል። ፍሬው ያ የሚያጣብቀው ጣፋጭ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከጠበቃቸው አራት ዛፎች አንዱ እሱ ነው፤ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር። ለሳንቃው ሲባል እንዴት እንደተመናመነ ከዚህ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። ስልካችሁን አውጡ። ከአሁን ጀምሮ በየሰፈራችሁ ያለውን እያንዳንዱን ሾላ ፎቶ አንሱልኝ። የት እንዳለ፣ መቼ እንዳፈራ። የትኛው ዛፍ የትኛውን ወር እንደሚሸፍን ማወቅ እፈልጋለሁ። ጥር ላይ ማን ያፈራል? ሚያዝያ ላይስ? ክፍተት ያለበትን ወር ካወቅን፣ በዚያ ወር ከሚያፈራ ዛፍ ቁራጭ እንወስዳለን። ይህን እስካሁን እዚህ ከተማ ሠርቶ ያሳየኝ ሰው የለም። እናንተ ትችላላችሁ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ... አዎ፣ ጋሼ። «ጦጣው በቆሎዬን አልጠግብ ብሎ ሾላ ተክላችሁ ልትጠሩብኝ ነው ወይ?» ነው ያሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጋሼ፣ ጦጣው ተጠርቶ አይደለም የመጣው፣ ርቦት ነው። የሚበላው ዛፍ ስለተቆረጠ ወደ እርስዎ በቆሎ ወረደ። ሾላ ቢኖር በቆሎዎን ጨርሶ ይተዋል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ቃል የምገባው አንድ ነገር ነው፤ ጥበቃ ላይ ሲሆኑ እኔም ተራ እገባለሁ።

ሌላ ከሌለ ወደ ሥራው። ከድንኳኑ ጀርባ 22 የአጋምና 15 የኮሽም ችግኝ አለ። ለየቤታችሁ ውሰዱ፣ ገንዘብ አልቀበልም። ለጋራው ቦታ ሦስት ባምባ ቁራጭ አዘጋጅቻለሁ፤ ከሦስት የተለያዩ ዛፎች። ወተታቸው እየደረቀ ነው። ጉድጓዱ ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ይቆፈራል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ድንጋዩን ወጣቶች ያነሳሉ። ለመጀመሪያው ወር ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ለሁለተኛው ወር እጁን የሚያወጣ ማነው? ... እሺ እትዬ፣ ጽፌያለሁ። ለሦስተኛውስ?